የሙቀቱ ቁምጣና የወላጅ ኪስ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው ኤክስተር ከተማ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ወጣ። የኢስካ አካዳሚ ወንድ ተማሪዎች ቁምጣ እንዲፈቀድላቸው ቢጠይቁም የዩኒፎርም ደንቡ ለወንድ ረጅም ሱሪ ብቻ ስለሚል ተከለከሉ። ለሴቶች ጉርድ ቀሚስ የተፈቀደ ነበርና 30 ያህል ወንዶች ጉርድ ለብሰው ትምህርት ቤት ገቡ። አስተዳደሩም ከተከታዩ የትምህርት ዘመን ጀምሮ ቁምጣ እንደሚፈቀድ አስታወቀ።

ነገሩ ቢያስቅም ለነጋዴ የገበያ ወሬ ነው። በእንግሊዝ ዩኒፎርምን የሚወስነው መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ነው። በመሆኑም በደንቡ ላይ «ቁምጣ» የሚል አንድ ቃል ሲጨመር አዲስ ፍላጎት ይፈጠራል። ወላጅም ለብርዱና ለሙቀቱ ወራት ሁለት ዓይነት ልብስ ይገዛል። ቁምጣው ዓርማ ያለበትና በአንድ ሱቅ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ዋጋ ቆራጩ ሻጩ ነው። ዓርማ የሌለው ተራ ቁምጣ ከተፈቀደ ግን ማንኛውም ቸርቻሪ ይወዳደራል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግና መመሪያም ያተኮረው በዚሁ ወጪ ላይ ነው። ዓርማ ያለባቸው ልብሶች እንዲቀንሱ፣ ከአንድ አቅራቢ ጋር ብቻ የሚደረግ ውልም በየጊዜው ጨረታ ካልወጣበት እንዲቀር ያሳስባል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የእንግሊዝ ሙቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ በርካታ ትምህርት ቤቶች ደንባቸውን አላሉ። እንዲህ ባለው ገበያ ደንቡን ቀድሞ ያነበበ ነጋዴ በወቅቱ ያዝዛል፤ ዘግይቶ የነቃው ረጅም ሱሪውን ታቅፎ ይቀራል።