መስታወቱ ምን አጠፋ?

በአፋር ቆላ ያለ አንድ ጣቢያ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የፋይበር መስመሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይቋረጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ቡድኑ ማታ፣ ሲቀዘቅዝ፣ በኦቲዲአር ይለካል፤ ግራፉ ንጹህ ነው። በማግስቱ መቋረጡ ሲደገም ጤነኛው ስፕላይስ ይፈርስና እንደ አዲስ ይሠራል። የታመመው ግን ካቢኔቱ ውስጥ ያለው ሞጁል ነበር።

በየሄድኩበት የማልገላገለው አባባል አለ፦ «ፋይበር መስታወት ነው፤ ሙቀት አይነካውም»። ስለ መስታወቱ እውነት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የሲሊካ ክር ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ከክሩ ጫፍ፣ ሞጁሉ ውስጥ፣ ሌዘር አለ። ሌዘር ሲሞቅ ያንኑ ብርሃን ለመስጠት ተጨማሪ ከረንት ይፈልጋል፤ የሞገዱ ርዝመትም በየዲግሪው ወደ 0.1 ናኖሜትር ይሸሻል። ሲደብልዩዲኤም ቻናሎቹን በ20 ናኖሜትር ያራራቀው ማቀዝቀዣ የሌለው ሌዘር ይህን ያህል ስለሚዋልል ነው።

ተራው ሞጁል የተሠራው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ለሆነ ሙቀት ነው። ይህን ስናገር «አፋርስ ቢሆን 70 ይደርሳል እንዴ?» የሚሉኝ መሐንዲሶች አሉ፤ መልሱን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት! 70 የሚባለው የሞጁሉ ገላ ሙቀት እንጂ የአየሩ አይደለም። ውጭው 42 ሲሆን ፀሐይ የሚመታው የብረት ካቢኔት ውስጡ ከዚያ ይበልጣል፣ መሣሪያዎቹም የራሳቸውን ሙቀት ይጨምሩበታል። እስከ 85 የሚችል ሞጁል አለ፤ ግዢ ላይ ዋጋው ታይቶ ይቀራል። አዲስ አበባም ቀዝቃዛ ናት ተብላ አትታለፍ። ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ማራገቢያ የሚያስወጣው ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ ከሚያስወጣው ያነሰ ነው።

ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። የኬብሉ ፕላስቲክ ከመስታወቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ይኮማተራል። ክሩ በትሪው ውስጥ ተጨናንቆ ከተቀመጠ በደጋ ሌሊት ይታጠፋል፤ በ1310 ናኖሜትር ጤነኛ የመሰለው መስመር በ1550 ብርሃን ያፈሳል።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የብልሽት መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፉ፤ ለመለካትም መስመሩ በሚታመምበት ሰዓት ሂዱ። ክር ከመቁረጣችሁ በፊት ሞጁሉ ራሱ የሚያሳየውን ሙቀትና ከረንት አንብቡ። ንባቡ እዚያው መሣሪያው ላይ አለ።