ምዕራፍ 7፦ ምን ይዞ ተመለሰ?

ሰሊጥ ከደረሰ ፋታ አይሰጥም፤ ፍሬው ከተሰነጠቀ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ ይጎርፋል፤ አንዳንዱም በገላባት ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ እርሻዎች ይዘልቃል። አጨዳው ሲያበቃ በሄደበት መንገድ ይመለሳል፤ ለከርሞም እንደዚያው። መንገዱን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ ከንቱ ድካም ነው። እቤት የሚጠብቁት ግን እጁን ያያሉ፦ ምን ይዞ መጣ?

ተነሥቶ ወደተነሣበት የሚመለስ ታሪክም የሚነበበው በዚሁ ጥያቄ ነው። የስቲቨን ኪንግን ተከታታይ ልቦለድ «ዘ ዳርክ ታወር»ን እንውሰድ። ሮላንድ የተባለው ተኳሽ ወደ አንድ ግንብ ለመድረስ ሲል የሚወዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ይገብራል። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው መጽሐፍ የግንቡን የመጨረሻ በር ሲከፍት ግን ራሱን ታሪኩ በጀመረበት በረሃ ላይ ያገኘዋል። ብዙ አንባቢ በዚህ ተከፍቷል። አንድ ነገር ግን ተለውጧል፦ ድሮ በጦር ሜዳ፣ ከወደቀው ጓደኛው ዘንድ ጥሎት የሄደው መለከት አሁን ከእርሱ ጋር ነው። ያኔ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው አልፈለገም ነበር። እንግዲህ መመለሱ ቅጣት ቢሆንም በውስጡ ዕድል አለበት።

ከመተማው ድንበር አካባቢ የተነሣ ሰውስ? ካሣ ኃይሉ የቋራ ሰው ነው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ምድር፣ ደባርቂ ላይ፣ የግብፅን ጦር ተንደርድሮ ገጥሞ በመድፍ ድል ሆነ። ትምህርቱን አልረሳም። በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ የመረጡት «ቴዎድሮስ» የሚለው ስም ራሱ የቤዛነት ስም ነበር፤ «ፍካሬ ኢየሱስ» ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚመጣ ይተነብያልና። ጋፋት ላይ መድፍ አስቀለጡ፤ ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ አስጎተቱ።

ታሪካቸው ወደተነሣበት የተመለሰው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት ነው። ሠራዊታቸው ከአምባው ተንደርድሮ ወርዶ እሮጌ ላይ፣ አውሮፓውያን እስረኞችን ለማስፈታት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃና ሮኬት ጋር ተፋጠጠ። በደባርቂ ያልነበረው መድፍ አሁን አለ፤ የደባርቂው መንደርደር ግን አልቀረም። ሮላንድ የጎደለውን ዕቃ ይዞ፣ ምናልባትም ልቡን ለውጦ ተመለሰ፤ ቴዎድሮስ ዕቃውን አገኙ እንጂ ልማዱን አልጣሉም።

ቤዛነትስ? በእሮጌ ዋዜማ ብዙ ያገር ሰው እስረኞችን ከገደል አስወርውረዋል። ከውጊያው በኋላ ደግሞ ለጦርነቱ ምክንያት የሆኑትን አውሮፓውያን እስረኞች ፈትተው ለቀቁ። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሁለቱን ሥራ ለየብቻ የሚያነብ ወይ ጻድቅ ወይ ጨካኝ ያገኛል፤ አብሮ የሚያነብ ግን ለመለወጥ ጀምሮ ጊዜ ያለቀበትን ሰው ያያል።

እንዲህ ያለ መጨረሻ ሲያጋጥማችሁ መጽሐፉን ወዲያው አትዝጉ። የመጀመሪያውን ገጽ መልሳችሁ ግለጡና ሦስት ነገር አመሳክሩ፦ ባለታሪኩ የቆመበትን ቦታ፣ በእጁ የያዘውን፣ መንገድ ሲዘጋበት መጀመሪያ የሚያደርገውን። ሦስቱም ካልተለወጡ ታሪኩ የእርግማን ታሪክ ነው። ሦስተኛው ከተለወጠ ግን፣ ቦታው ያው በረሃ ቢሆንም፣ ሰውየው መንገድ ጀምሯል።