ገጹን እንዳለ

ቤቱ የቆዩ መጽሔቶችን የቆለለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን "ይህን በሙሉ ስካን አድርጌ ለሰው ባዳርሰውስ?" ብሎ ያስባል። መሣሪያው አያስቸግርም፤ ዛሬ ስልክም ይበቃል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ይፈቀዳል ወይ? ቢፈቀድስ እንዴት ቢሠራ ነው ለአንባቢ የሚጠቅመው? ለሁለቱም ጥያቄ ጥሩ መልስ ያገኘሁት እዚሁ በምኖርበት አትላንታ ስለሆነ፣ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም። (ዓመቶቹ ካልገለጽኩ በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይፈቀዳል ወይ ከሚለው ልጀምር። ጄሪ ግሪንበርግ የፍሎሪዳ ሰው ነው፤ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ፎቶ በማንሳት የታወቀ። ፎቶዎቹ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አራት እትሞች ላይ ወጥተዋል። በ1997 መጽሔቱ ከ1888 ጀምሮ ያሳተመውን ሁሉ ስካን አድርጎ በ30 ሲዲ ለገበያ አቀረበ። ግሪንበርግ አልተጠየቀም፣ አልተከፈለውምም። ከሰሰ። መቀመጫውን አትላንታ ያደረገው የ11ኛው ክልል የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2001 ለእሱ ፈረደ፤ በ2003 ደግሞ የማያሚ ጁሪ 400 ሺህ ዶላር ካሳ ወሰነለት።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በዚያው በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ጉዳይ ወስኖ ነበር። ኒውዮርክ ታይምስና ሌሎች አሳታሚዎች የነጻ ጸሐፊዎችን ጽሑፎች ከጋዜጣው ነጥለው ለዳታቤዝ ድርጅቶች ሰጥተው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ አይቻልም አለ። ይህ የግሪንበርግን ነገር እንደገና አስነሳው። በ2008 የአትላንታው ፍርድ ቤት ዳኞች፣ 12ቱም አንድ ላይ ተሰይመው፣ 7 ለ 5 በሆነ ድምፅ ለመጽሔቱ ፈረዱ።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው? በመሶብ አስቡት። አንዱ አሳታሚ ከመሶቡ ወጡን እየነጠለ ለየብቻ ሸጠ። ሌላው መሶቡን እንደቀረበ፣ እንጀራውም ወጡም በቦታው እንዳለ፣ ወደ ሌላ ክፍል አሻገረው። በሲዲው ላይ እያንዳንዱ ገጽ ከነጽሑፉ፣ ከነፎቶውና ከነማስታወቂያው በወረቀቱ ላይ እንደነበረ ይታያል። ሕጉ ደግሞ የስብስብ ሥራ ባለቤት ያንኑ ስብስብ እንደገና እንዲያወጣው ይፈቅዳል። ዳኞቹ ሲዲውን ማይክሮፊልም ላይ ከተነሣ መጽሔት ለይተው አላዩትም። እኔ ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ፤ ግሪንበርግ ግን ቢያንስ ስልክ ሊደወልለት ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትስቱ። ይህ መብት የአሳታሚው ነው፤ መጽሔቱን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው አያገኘውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1964 በፊት የታተመ መጽሔት ግን የቅጂ መብቱ በ28ኛው ዓመት መታደስ ነበረበት፤ ካልታደሰ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። ብዙ ትንንሽ መጽሔቶች አላሳደሱም። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የጸሐፊውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የአማርኛ መጽሔት ከሆነ አሳታሚውን ወይም ወራሾቹን ፈልጎ መጠየቅ ግድ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ አሁን ከሁሉ ወደምወደው ክፍል ልውሰዳችሁ፤ አማተር ሬዲዮ። በፈቃድ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅር፣ ከቤታቸው ሬዲዮ አቁመው ከዓለም ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎም ኢቲ 3 ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለ። እነዚህ ሰዎች "73" የሚል መጽሔት ነበራቸው፤ በሬዲዮ ቋንቋ 73 ማለት "መልካም ሰላምታዬ ይድረስህ" ነው። ዌይን ግሪን በ1960 መሠረተው፣ እስከ 2003 ታተመ፣ ዛሬ እትሞቹን ማንም ሰው ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የኦንላይን ማከማቻ በነጻ ያነባቸዋል። በ2022 እዚያው አርካይቭ ውስጥ የአማተር ሬዲዮና የኮሙኒኬሽን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ተከፈተና የክለብ ደብዳቤ ሳይቀር ይሰበስብ ጀመር።

ለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገንዘቡ ከየት መጣ? ይህን ስሰማ በጣም ተገርሜአለሁ። በ1981፣ ኢንተርኔት ገና ጨቅላ ሳለ፣ ሀንክ ማግኑስኪ የተባለ አማተር በ44 የሚጀምሩትን የኢንተርኔት አድራሻዎች በሙሉ ለሬዲዮ ወዳጆች አስመደበ፤ ከ16 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ያኔ ዋጋ አልነበራቸውም። በ2019 ሩቡ ለአማዞን ሲሸጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ገንዘቡን የያዘው የአማተሮች ድርጅት ከዚያ ላይ ቆርሶ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠ። በነጻ የተሰጠ ቁጥር የመጽሔቶቻቸውን መታደጊያ ከፈለ።

አትላንታ በዚህ ታሪክ ውስጥም አለች። ዴኒስ ሄይስና ዴል ሄዘሪንግተን እዚህ የጀመሩት ኩባንያ በ1981 ስማርትሞደምን አወጣ፤ ኮምፒውተር በስልክ መስመር እንዲነጋገር ያስቻሉት የዘመኑ ሞደሞች እሱን መኮረጅ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ሄዘሪንግተን አማተርም ስለነበር በ1987 በሬዲዮ በሰከንድ 56 ሺህ ቢት የሚልክ ሞደም ነድፎ አሳወቀ፤ የብዙው አማተር ፍጥነት ያኔ 1,200 ነበር። የጆርጂያ አማተሮች ማኅበር እየተገጣጠመ የሚሠራውን የሞደሙን ዕቃ አሠራጨ። ዛሬ ያንን ዘመን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚያገላብጠው ምንን ይመስላችኋል? እንደ ባይት ባሉ የኮምፒውተር መጽሔቶች ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ነው! ዋጋው፣ ፎቶው፣ ከአትላንታ አጠገብ ባለችው ኖርክሮስ የነበረው የኩባንያው አድራሻ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አንድ ሰው "ዋናው ጽሑፉ ነው" ብሎ ማስታወቂያውን ቆርጦ ቢጥል ኖሮ ታሪኩ አብሮ ይቆረጥ ነበር። ዳኞቹ ለሕጉ ሲሉ ያሉትን ታሪክም ያዛል፤ ገጹን እንዳለ።

ማሽኑም ለዚህ የተሠራ ነው። የአርካይቩ ስካነር ጥራዙን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋውም፤ በግማሽ ተከፍቶ እንደ ሸለቆ በሆነ ማቀፊያ ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ መስታወት ይወርድበታል፣ ሁለት ካሜራዎች ግራና ቀኙን ያነሣሉ፣ ገጹን የሚገልጠው ሰው ነው። ጀርባው አይቆረጥም። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ኮምፒውተር ያነበበው የማይታይ ጽሑፍ ይነጠፋል፤ ስትፈልጉ የሚያገኝላችሁ እሱ ነው።

ለአማርኛ ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ግን "በ"ን ከ"ቡ" የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፣ ቀለሙ ከደበዘዘ ጭረቷ የለችም። ፊደል አጻጻፋችንም አለ፤ አንዱ "ፀሐይ" ይላል፣ ሌላው "ጸሃይ"፤ አንዱ "ሠራተኛ"፣ ሌላው "ሰራተኛ"። በአንዱ የፈለገ ሰው ሌላውን አያገኘውም። መፍትሔው ሥዕሉን ሳይነኩ በሥሩ ያለውን ድብቅ ጽሑፍ ብቻ ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ ሽፋኑ ላይ 1967 ዓ.ም. የሚል መጽሔት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 1974 ላይ፣ ከዚያ በኋላ 1975 ላይ ይውላል። በፋይሉ ስም ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

መነንና የካቲት የተባሉት የአገራችን መጽሔቶች በስንት ሰው ሻንጣ ባሕር ተሻግረዋል! እዚሁ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተንም ሆነ ዲሲ ብትኖሩ፣ ምድር ቤታችሁ ውስጥ ካሏችሁ፣ እርጥበቱ ሳይቀድማችሁ አውጧቸው። በቀለም፣ ቢያንስ በ300 ነጥብ በኢንች፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንሡ፤ የሳሙናውንና የሲጋራውን ማስታወቂያ፣ የአንባቢ ደብዳቤውን፣ ባለቤቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የጫረውንም ሳትዘሉ። ለሰው ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አሳታሚውን ፈልጋችሁ ደውሉ።