ኮዱ ቪዲዮው ላይ ይሠራል፣ የእኔ ስልክ ላይ ለምን እምቢ አለ?

ፓይተን እየተማራችሁ ነው እንበል። ፍኖተ ሰላም ወይ ቡሬ ሆናችሁ፣ በቴሌግራም የደረሳችሁን የቆየ ፒዲኤፍ ከፍታችሁ የመጀመሪያዋን መስመር ጻፋችሁ፦ ፕሪንት፣ ቀጥሎ በጥቅስ ውስጥ «ሰላም»። ስልኩ «ስህተት» አላችሁ። ፒዲኤፉ ላይ ያለውን አንድም ሳታዛንፉ ነው የጻፋችሁት፤ ችግሩ ፒዲኤፉ ለፓይተን 2 የተጻፈ መሆኑ ነው። ፓይተን 3 ላይ ፕሪንት ያለ ቅንፍ አይሠራም።

ታዲያ የሚሠራን ነገር ለምን ቀየሩት? የፕሪንቱ ነገር ትንሹ ነው፤ ትልቁ የፊደል ጉዳይ ነበር። ፓይተን 2ን «ሰላም» ስንት ፊደል አለው ብትሉት 9 ይላችኋል! የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ስለሆነ ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፓይተን 3 ግን በትክክል 3 ይላል። የስንቱን ኮድ ያበላሸው ለውጥ ለአማርኛ ጠቀመ ማለት ነው።

ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የድሮው ድጋፍ በ2015 ሊቆም ታስቦ፣ ብዙ ሰው ስላልተሻገረ እስከ 2020 መጀመሪያ ተራዘመ። በዚያው ዓመት እኛም ብር ቀይረናል፤ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፣ ለመቀየሪያ ሦስት ወር ተሰጠ። ለብር ሦስት ወር፣ ለኮድ 11 ዓመት!

አሁን ለውጡ በትንሽ በትንሹ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር «ዲፕሪኬትድ» ከተባለ ለጊዜው ይሠራል፣ ግን ሊወገድ ነውና አዲስ ሥራ አትጀምሩበት ማለት ነው። በደንባቸው መሠረት ማስጠንቀቂያው ቢያንስ ሁለት ስሪቶች ላይ መታየት አለበት። ለምሳሌ ዲስትዩቲልስ የሚባለው ክፍል በ3.10 ማስጠንቀቂያ ተሰጠበት፣ በ3.12 ወጣ። ክፋቱ፣ ማስጠንቀቂያው ከሌላ ሰው ላይብረሪ ውስጥ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ያልፋል፤ የምታውቁት ኮዱ የቆመ ቀን ነው።

ስለዚህ የፓይተንን ዋና ሰነድ ስትከፍቱ ስልካችሁ ላይ ያለውን ስሪት ምረጡ። ከየትኛው ስሪት ጀምሮ እንደተቀየረ ወይም ዲፕሪኬትድ እንደሆነ እዚያው ማብራሪያው ሥር ተጽፏል። ፒዲኤፍ ሲደርሳችሁ ደግሞ መጀመሪያ ፕሪንቱን እዩ፤ ቅንፍ ከሌለው ዳታችሁን አታባክኑ፣ ሌላ ፈልጉ።