የካቲት 12፦ ሙታኑ ስንት ነበሩ? አርበኞቹስ ምን ተደረገላቸው?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ስድስት ኪሎ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ የኢጣሊያው እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኔፕልሱ ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ ለድኾች ምጽዋት እንዲታደል አዝዞ ነበር። ዓይነ ስውሩ፣ አካለ ስንኩሉ፣ አሮጊቷ፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ ግቢውን ሞልቶታል። ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ጄኔራሎቹ፣ ለወራሪው የገቡ መኳንንትና ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ አሉ። ከኤርትራ የመጡት ሁለት ወጣቶች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ የእጅ ቦምብ አከታትለው የወረወሩት በዚህ መካከል ነው። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ የጳጳሱ ጥላ ያዥ ሞተ። ወጣቶቹ ከግርግሩ አመለጡ። በዕቅዱ አብሯቸው የነበረው ባለ ታክሲው ስምዖን አደፍርስ ግን ኋላ ተይዞ በግርፋትና በሥቃይ ተገደለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጥቅሉ ሁላችንም ሰምተነዋል። ይሁን እንጂ «ጭፍጨፋ» ብለን በአንድ ቃል ስለምናልፈው ነገሩ በስንት ደረጃ እንደተፈጸመ ይጠፋብናል። መጀመሪያ የግቢው በሮች ተዘጉና ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ መትረየስና ጠመንጃ ተከፈተ። ይህ የደነገጡ ወታደሮች ተኩስ ነበር ሊባል ይቻል ይሆናል። የማታው ግን ድንጋጤ አልነበረም። የፋሽስት ፓርቲ የአዲስ አበባ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ለሆኑት የፋሽስት ታጣቂዎች ያሻቸውን የሚያደርጉበት ሦስት ቀን ሰጣቸው። ወታደሩ ብቻ ሳይሆን መንገድ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ማለትም ትናንት ከሐበሻው ጋር በአንድ ሰፈር ሲውል የነበረው ተራ ኢጣሊያዊ፣ ዱላና ጩቤ ይዞ ወጣ። የሣር ክዳን ጎጆዎች በቤንዚን ተለኮሱ፤ ከእሳቱ የሸሸ በደጅ ተጠብቆ ተገደለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለ። ይህን የሚናገሩት ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም፤ ሳቫ የተባለው የሀንጋሪ ሐኪም ያየውን ጽፏል፣ የአሜሪካው ወኪል ኤንገርትም ወደ ዋሽንግተን ቴሌግራም ልኳል። ከእኛ ወገን የ‹የጉለሌው ሰካራም› ደራሲ ተመስገን ገብሬ ከሞት የተረፈበትን ታሪክ ‹ሕይወቴ› በተሰኘው ግለ ታሪኩ ትቶልናል።

ሦስተኛው ደረጃ በጣም የታሰበበት ነው። ሙሶሊኒ የተጠረጠረ ሁሉ፣ ካህንም ሆነ ምእመን፣ እንዲረሸን በቴሌግራም አዘዘ። በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች፣ የገነት ጦር ትምህርት ቤት ሠልጣኞች፣ ቋንቋ ያወቀ፣ ብዕር የጨበጠ ሁሉ እየተለቀመ ተወሰደ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፣ በእንግሊዝ አገር ተምረው የመጡት፣ ከተገደሉት ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ ትእዛዙ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን ጨመረ። አዝማሪ ምን አደረገ ቢባል፣ ወሬን ከገበያ ገበያ የሚያደርስ እሱ ነውና ነው። ያልተገደለው ወደ ሶማሊያው ዳናኔ፣ ወደ ዳህላኩ ኖኩራ፣ ወደ ኢጣሊያዋ አዚናራ ደሴት ተጋዘ። ከዳናኔ የተረፈው ሚካኤል ተሰማ በኋላ በሰጠው የምስክርነት ቃል ወደ እስር ቤቱ ከገቡት 6,500 ያህል ሰዎች 3,175 እዚያው በረሃብ፣ በወባና በበሽታ አልቀዋል ብሏል።

ስንት ሰው ሞተ? በዚህ ጉዳይ ከ80 ዓመት በላይ ክርክሩ አልቆመም። ኢትዮጵያ ከድል በኋላ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበችው ሰነድ በየካቲቱ ጭፍጨፋ ብቻ 30,000 ሰው እንደተገደለ አስታወቀች፤ በትምህርት ቤት የተማርነውም፣ በየዓመቱ በንግግር የምንሰማውም ይኸው ነው። በኢጣሊያ በኩል የወጡት ቁጥሮች በመቶዎችና በጥቂት ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ሰፈር በሰፈር፣ ምስክር በምስክር እያነጻጸረ ባሳተመው ጥናት ወደ 19,000 ገደማ ገምቷል። ይህም ከዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ገደማ መሆኑ ነው። አንዳንድ ሰው ከ30,000 ያነሰ ቁጥር ሲሰማ የተሰዉት የተዋረዱ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ተቆጥሮ የተገኘ ቁጥር ማንም በ«ነው» «አይደለም» አይጥለውም፤ የጀርባ አጥንት አለው። ሰማዕታቱን ያዋረዳቸው ሙሉ የስም መዝገብ ሳይኖራቸው መቅረታቸው ነው።

መቁጠር እንደሚቻል ደብረ ሊባኖስ አሳይቷል። ግራዚያኒ ገዳሙን የወጣቶቹ ተባባሪ አድርጎ ነበር የፈረጀው። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ገዳሙን ከበበ። መነኮሳቱና ለበዓሉ የመጡት ምእመናን በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ በሚባል ገደላማ ስፍራ በመትረየስ ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱ ደግሞ ለብቻ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ተወስደው እንገጫ ላይ አለቁ። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ቁጥር በድምሩ 449 ነበር። ወደ 60 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ካምቤልና ኢትዮጵያዊው አጥኚ ደግፌ ገብረ ጻድቅ በእግር ሄደው፣ በልጅነታቸው ያዩ ሽማግሌዎችን ጠይቀው፣ ቦታውን ከቃሉ ጋር አገናዝበው የሟቾቹ ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም እስከ 2,000 እንደሚደርስ አሳዩ። የወራሪው ሪፖርት ከሦስት እጥፍ በላይ አሳንሶ መጻፉ የተረጋገጠው በሁለት ሰዎች ትዕግሥት ነው። ይህ ሥራ ለአዲስ አበባ ሰፈሮችም ከ1933 ማግሥት ጀምሮ፣ ምስክሩ ሁሉ በሕይወት ሳለ፣ በመንግሥት አቅም ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በግምት ባልተከራከርን ነበር።

ለምን አልተሠራም? አንዱ ምክንያት የድሉ ጊዜ ፖለቲካ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው አዘዙ፤ በከተማው የቀሩት ኢጣሊያኖችም በዚህ ምሕረት ተረፉ። ትእዛዙ ታላቅነት ነበረበት፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ይሁንና ከበቀሉ ጋር ቆጠራውም አብሮ ተተወ። ሌላው ምክንያት የኃያላኑ ፍላጎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ኢትዮጵያ ያቀረበችውን ማስረጃ መርምሮ አሥር ኢጣሊያውያን በወንጀል ሊጠየቁ እንደሚገባ ተቀበለ፤ ግራዚያኒ፣ ኮርቴዜና ማርሻል ባዶሊዮ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። አንዳቸውም ኢትዮጵያ ውስጥ በሠሩት አልተዳኙም። ባዶሊዮ ከሙሶሊኒ ውድቀት በኋላ የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ለእንግሊዞች የሚጠቅም ሰው ነበረና የሚነካው አልተገኘም። ግራዚያኒን የኢጣሊያ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቀጣው ክሱ ከጀርመኖች ጋር መተባበር ነበር፤ ከተፈረደበት 19 ዓመት የታሰረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ኢጣሊያ በ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ውል መሠረት 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነባት፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው በካሳው ገንዘብ ነው። በዚያው ውል በ18 ወር ውስጥ እንድትመልሰው የታዘዘችው የአክሱም ሐውልት ግን አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመርዝ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። የካቲት 12ን በሚመለከት ግን ዛሬም የሚታየው የተቀላቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በተባለች ትንሽ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት። ይህ ድፍረት በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያንን አስቆጥቶ ለሰልፍና ለአቤቱታ አነሣሣ፤ ከዚያም ቀደም ብለው ቫቲካንን ስለ ዝምታዋ ይቅርታ ትጠይቅ እያሉ የሚወተውቱ ነበሩ። በሌላ በኩል በዚያው በኢጣሊያ ይህን ዕለት የቅኝ ግዛት ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን ለማድረግ እ.ኤ.አ. በ2006 ለፓርላማ የቀረበ ረቂቅ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ሐሳቡን ያልተዉ ኢጣሊያውያን ግን በየዓመቱ በየከተማቸው ይሰበሰባሉ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ የአርበኞቹ ነገር አለ። ጭፍጨፋው አገሩን ያንበረክካል ተብሎ ነበር የተፈጸመው፤ ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምት ላስታ፣ ጎጃምና በጌምድር ተነሡ፤ ሸዋ ውስጥ የነአበበ አረጋይ ሠራዊት በረከተ። የዘመቱት ሁሉ ጠመንጃ የያዙ ብቻ አልነበሩም። ሸዋረገድ ገድሌ በከተማ ሆና ለጫካው ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ስታቀብል ተይዛ ተሠቃየች፤ ከበደች ሥዩም ባሏ ከተገደለ በኋላ ጦር እየመራች ተዋጋች፤ ስንዱ ገብሩ ወደ ኢጣሊያ ተግዛ ቆይታ ተመልሳ በኋላ ፓርላማ ከገቡ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። «የውስጥ አርበኛ» የሚባሉት እንደ ሸዋረገድ በከተማ ሆነው የታገሉና ስማቸው የማይታወቅ ብዙዎች ናቸው።

ከድል በኋላ ማን ይከበር በሚለው ላይ ሰው ተቃቃረ። ለአርበኛውም ለስደተኛውም ሜዳሊያ ወጣ። ሆኖም አምስት ዓመት በዱር የኖረው፣ ከውጭ የተመለሰው ሹመቱን ሲይዘው፣ ሌላው ቀርቶ ትናንት ለጠላት ያደረው ባንዳ ከነርስቱ ሲቀመጥ አየ። ይህ ቅሬታ በብዙ ቤት ውስጥ እስከ ልጅ ልጅ ወርዷል። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ ከመንግሥቱ ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መቀጣቱ የዚያ ትውልድ መሪር ቁስል ነው፤ ስለ ክሱ የፈለገው ይባል፣ ለአገሩ የተዋጋ ሰው በዚያ መንገድ መሞቱ ዛሬም ያመኛል። በዓሉ ራሱ ተጎትቷል። ደርግ የድሉን ቀን ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ንጉሡ የገቡበት ዕለት ሳይሆን ጠላት ከተማዋን የለቀቀበት ይከበር በማለት። በኢሕአዴግ ዘመን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሁለቱም ቀን እውነተኛ ነው፤ በሁለቱም መካከል ግን አርበኛው የሌላው ክርክር ምስክር ሆኖ ቆየ።

በስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ዙሪያ በየዓመቱ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው የሚቆሙት አባቶችና እናቶች እየሳሱ ሄደው፣ አሁን በቦታቸው የሚቆሙት በአብዛኛው ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። በ1929 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር ከ100 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ያየ ምስክር ፍለጋው ሊያበቃ ነው፤ የቀረው ካየ ሰው አፍ የሰማ ነው፤ እሱም ሸምግሏል። የመቅጃው መሣሪያ ዛሬ በሁሉ እጅ ያለው ስልክ ነው። አያትዎን ወይም ጎረቤትዎን ሲጠይቁ ዝም ብሎ «ጣሊያን ጊዜ እንዴት ነበር» ማለት አይበቃም። ያን ዓርብ ቤተሰቡ በየትኛው ሰፈር ነበር? ማን ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ? ሙሉ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ክርስትና ስሙ ማን ይባል ነበር? በየትኛው ደብር ተቀበረ፣ ወይስ ሳይቀበር ቀረ? ማን ቤት ተቃጠለ? ይህ ከሰፈርና ከአጥቢያ ስም ጋር ተጽፎ አንዱ ቅጂ ለጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር፣ ሌላው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ፣ የስሙ መዝገብ የመጀመሪያ ገጾች ይኖሩታል።