የሌሊት አራዊትና የፎቶግራፍ ምስክርነት

በሶዶ ጉራጌ አገር ያለችው ጥያ ስሟ በዓለም የታወቀው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ በገቡት ትክል ድንጋዮችዋ ነው። እንግዳ ሁሉ እነርሱን በቀን አይቶ ይመለሳል፤ ባላገሩ ግን ፀሐይ ከገባች በኋላ ስለሚመጣው ጅብ ያስባል። በማለዳ አንዲት ፍየል የጠፋች እንደ ሆነ በደሉ ወዲያው በጅብ ላይ ይፈረዳል። ነብር ይሁን፥ ቀበሮ ይሁን፥ ባለቤት የሌለው ውሻ ይሁን የሚመረምር የለም። መርዝ የገባበት ሥጋ ከተጣለ ደግሞ የበደለውም ያልበደለውም፥ ጥንብ አንሣው ጭምር፥ ባንድነት ያልቃል።

ጅብ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። በዐቢይ ጾም ከብት ስለማይታረድ የሚበላው ሲያጣ ወደ አህያ እንደሚዞር በትግራይ የተደረገ ምርምር ገልጧል። ነገር ግን ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም፤ ለዚህም የሚሆን ምስክር ዛሬ ተገኝቷል።

ይኸውም በዛፍ ግንድ ላይ የሚታሰር ትንሽ የፎቶግራፍ መኪና ነው። ሙቀት ያለው ገላ በፊቱ ሲንቀሳቀስ ያለ ሰው እጅ ሥዕሉን ያነሣል፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ይመዘግባል። የብዙዎቹ ብርሃን ለሰው ዓይን የማይታይ ስለ ሆነ እንስሳውን እምብዛም አያስደነግጥም። የነብርና የጅብ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይም፥ ሥዕሎቹን በማስተያየት ቁጥራቸውን መገመት ይቻላል።

የዚህ መኪና ጥቅም በአገራችን የታየው በሱዳን ወሰን አጠገብ በቋራ በሚገኘው በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዚያ አንበሳ መኖሩ ይገመት ነበር እንጂ የታመነ ማስረጃ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዶክተር ሐንስ ባወር በቦርን ፍሪ ማኅበር ረዳትነት መኪናዎቹን ተክሎ የአንበሶችን ሥዕል አገኘ፤ ዱካቸውንም አየ። በአላጥሽና በሱዳኑ ዲንደር ባንድነት ከ100 እስከ 200 የሚሆኑ አንበሶች ይኖራሉ ተብሎ ተገመተ። በየአገሩ የአንበሳ ስፍራ ከካርታ እየተፋቀ በሚሄድበት ዘመን አዲስ ስፍራ መጨመሩ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ያን ምድር ባዶ ነው ብሎ ዛፉን ሊቈርጥ የሚመጣ ሰው ምክንያት አይኖረውም።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት በአውሬ ላይ ትእዛዝ ከማውጣታቸው በፊት፥ በበረቱ አጠገብ ጥቂት ሌሊት መኪናውን ቢያስተክሉ መልካም ነው። አራዊት በአጸዱ ዛፎች የሚጠጉባቸው የአብያተ ክርስቲያናት ካህናትም የሳጥኑን ሥራ ለምእመናን ቢያስረዱ ባላገሩ አይጠራጠርም። መኪናው አላፊ አግዳሚውንም ሳይለይ የሚያነሣ ስለ ሆነ፥ እንጨት የምትለቅም ሴት ሥዕል በማይመለከተው ሰው እጅ እንዳይገባ አስቀድሞ ደንብ ሊቆምለት ያስፈልጋል።