ሁለት ማልያ፣ አንድ ፓስፖርት

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የገባ ሰው፣ ከስልክ ቀፎና ከቴሌቪዥን፣ ከሽቶና ከልብስ መሐል የአውሮፓ ክለቦችን ማልያ ተሰቅሎ ማየቱ አይቀርም። ዋጋው ከተስማማ የአርሰናልን ትቶ የማንቸስተርን ይዞ መውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። የብሔራዊ ቡድንን ማልያ መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፊፋን ደንብ፣ የሁለት አገሮችን ሕግና የተጫዋቹን እንጀራ የሚነካ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ በማጣሪያ በወደቁ ቁጥር «ውጭ ያሉትን ልጆቻችንን ለምን አንጠራም?» የሚለው ጥያቄ እየተነሳ እስካሁን መልስ ያላገኘውም ሦስቱ ስለተጠላለፉ ነው።

የድሬው ልጅ

ይህን መንገድ ሄደው ካዩት አንዱ ፉአድ ኢብራሂም ነው። በ1983 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለደ፤ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ሚኒሶታ ውስጥ አደገ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የኤፍሲ ዳላስ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆነ፤ ቀጥሎም ወደ ካናዳው ቶሮንቶ ኤፍሲ ተዛወረ። የአሜሪካን ወጣት ብሔራዊ ቡድኖች ማልያም ለብሷል።

በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ግን ስሙ የተገኘው በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የዋልያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ ለ31 ዓመታት ከራቀችው መድረክ የተመለሰችበት ውድድር ነው። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፋ፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ከሜዳ ውጭ ባገባቻቸው ግቦች ነበር ያለፈችው። ማጣሪያውን ያለፉት በአብዛኛው የአገር ቤት ክለብ ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ለውድድሩ ሲዘጋጁ ፉአድና በስዊድኑ ሲሪያንስካ ይጫወት የነበረው ዩሱፍ ሳላህ ተቀላቀሏቸው። ቡድኑ ከዛምቢያ ጋር በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ።

የፉአድ የዋልያ ዘመን ረጅም አልሆነም። ከእሱ በኋላ ሪያድ ተወልዶ ጎተንበርግ ያደገው፣ ለስዊድን ከ21 ዓመት በታች ቡድን የተጫወተው ተከላካይ ዋሊድ አታ በ2007 ዓ.ም. መጣ። እንዲህ ያሉት ልጆች ግን አንድ ሁለት እየሆኑ ብቅ ከማለት አልፈው መደበኛ የቡድን ማጠናከሪያ መንገድ አልሆኑም። ኢትዮጵያ በጥር 2014 ዓ.ም. ወደ ካሜሩን ይዛ የሄደችው ቡድንም ከጥቂቶች በቀር በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የተሞላ ነበር።

ፊፋ በሩን እንዴት ዘጋው፣ እንዴትስ ከፈተው?

ድሮ ነገሩ ልቅ ነበር። አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ለአርጀንቲናም ለስፔንም ተጫውቷል። በ1950 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ የብራዚልን ማልያ የለበሰው ጆዜ አልታፊኒ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ቺሊ ላይ የጣሊያንን ለብሶ ተገኘ። የሃንጋሪው ፈረንጅ ፑሽካሽም በዚያው ውድድር ለስፔን ተሰለፈ። ፊፋ ከዚህ በኋላ ነው በሩን የዘጋው፦ ለአንድ አገር የተጫወተ ለሌላ አይጫወትም።

በ1996 ዓ.ም. በሩ ጥቂት ተከፈተ። በወጣት ቡድን ብቻ የተጫወተ ሰው 21 ዓመት ሳይሞላው አንድ ጊዜ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ለፈረንሳይ ወጣት ቡድን ተጫውቶ የነበረው ፍሬዴሪክ ካኑቴ ማሊን ለብሶ ለአፍሪካ ዋንጫ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በአልጄሪያ ሐሳብ አቅራቢነት የዕድሜ ገደቡ ተነሳ። ፉአድም ዋሊድም ያለፉበት በር ይኸኛው ነው፤ ሁለቱም የኢትዮጵያን ማልያ ሲለብሱ 21 ዓመት አልፏቸው ነበር።

የመጨረሻው ትልቅ ለውጥ በመስከረም 2013 ዓ.ም. መጣ። መነሻው ሙኒር ኤል ሃዳዲ ነው። ይህ ልጅ በ19 ዓመቱ ለስፔን ዋና ቡድን 13 ደቂቃ ብቻ ተጫወተ፤ በነዚያ 13 ደቂቃዎች ምክንያት ለወላጆቹ አገር ለሞሮኮ እንዳይጫወት ዓመታት ታገደ። በአዲሱ ደንብ አንድ ተጫዋች 21 ዓመት ሳይሞላው ለዋናው ቡድን ያደረጋቸው ጨዋታዎች ከሦስት ካልበለጡ፣ በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉር ውድድር ዋና መድረክ ካልተሰለፈ፣ ከመጨረሻው ጨዋታም ሦስት ዓመት ካለፈ መቀየር ይችላል።

ትውልድን በተመለከተም ፊፋ ለጋስ ነው። ተጫዋቹ ራሱ፣ ወይም ከወላጆቹ አንዱ፣ ወይም ከአያቶቹ አንዱ በአገሩ ምድር ከተወለደ ይበቃል። ድሬዳዋ የተወለደች አያት ያለችው የስቶክሆልም ልጅ በዚህ መስፈርት ችግር የለበትም። የማይታለፈው ሌላ ነገር ነው፦ የሚጫወትለትን አገር ዜግነት መያዝና ፓስፖርቱን ማቅረብ። የኢትዮጵያውያን ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቢጫ ካርድ ፓስፖርት አይደለም

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይነጠቅ ይደነግጋል። ጥምር ዜግነትን የሚከለክለው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

ውጭ አገር ተወልዶ ወይም ከወላጁ ወርሶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅም ከዚህ አያመልጥም። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላስታወቀ፣ እሱም እንደተወ ይቆጠራል። ይህ ዕድሜ ለእግር ኳስ ተጫዋች ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው። 18 እና 19 ማለት የመጀመሪያው ትልቅ ውል የሚፈረምበት፣ ከወጣት ቡድን ወደ ዋናው የሚታለፍበት ጊዜ ነው። ልጁ ክለቡ ያቆየው አያቆየው እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ፓስፖርቱን እንዲመርጥ ይጠየቃል።

ያ ጊዜ ካለፈ ሕጉ የመመለሻ መንገድ አስቀምጧል፤ ነገር ግን መኖሪያን ኢትዮጵያ ውስጥ ማድረግን፣ የያዙትን ዜግነት መተውንና ማመልከትን ይጠይቃል። ሥራው ማልሞ ወይም ብሬመን ለሆነ ተጫዋች የመጀመሪያው ብቻ መንገዱን ይዘጋበታል።

በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ እንደ መፍትሔ የሚያነሱ አሉ። ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል። የያዘው ሰው ግን በሕጉ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው፤ ፊፋም የውጭ ዜጋ የብሔራዊ ቡድን ማልያ እንዲለብስ አይፈቅድም።

ዜግነትን መተው ደግሞ በገንዘብ ይተመናል።  የስዊድን ፓስፖርት የያዘ ልጅ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ልቡ ይሠራል፤ ያንን ፓስፖርት መልሶ የኢትዮጵያን የያዘ ዕለት ይህን ነጻነት ያጣል። ለብሔራዊ ቡድን በዓመት ጥቂት ጨዋታ ለመጫወት የዕለት እንጀራውን አደጋ ላይ እንዲጥል መጠየቅ ነው።

የሄዱትና የመጡት

ድሬዳዋ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለችም። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ የትውልድ ከተማው አስመራ፤ በዚያ ዘመን የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ለወሰደው ለድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ክለብም ተጫውቷል። ወንድሙ ኢታሎም በዚያ ፍጻሜ ግብ አግብቷል።

ሉቺያኖ በ1927 ዓ.ም. ሲወለድ አስመራ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ከተማ ነበረች። ከዚያ በእንግሊዝ አስተዳደር፣ ከዚያ በፌዴሬሽን፣ ከዚያ በኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛትነት፣ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ አገርነት አለፈች። እሱ ራሱ በደርግ ዘመን ተሰዶ ጣሊያን ኖረ፤ በ2015 ዓ.ም. መባቻም እዚያው አረፈ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችውን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳው ሰው ዛሬ ወጣት ቢሆንና የአባቱን አገር ፓስፖርት ቢይዝ፣ ለዋልያዎቹ መሰለፍ ባልቻለ ነበር።

በሌላ ወገን የሄዱት ብዙ ናቸው። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከቼክ እናት ተወልዶ ለቼክ ሪፐብሊክ ከ50 በላይ ጨዋታ አድርጓል። የቤተ እስራኤል ልጅ ኤሊ ዳሳ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኗል። በሩጫው ደግሞ ጅረቱ ወደ ውጭ ብቻ ነው፦ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ለባሕሬን፣ ኤልቫን አቤይለገሴ ለቱርክ፣ ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድስ ሮጠዋል። ኢትዮጵያ ሯጭ ስለተረፋት ጉዳቱ ብዙም አልተሰማትም፤ በኳሱ ግን የሚተርፋት የለም።

የሚነሱት ክርክሮች

ይጠሩ የሚሉት ሩቅ ሳይሄዱ ማስረጃ ያቀርባሉ። በ2015 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰው የሞሮኮ ቡድን ከ26 ተጫዋቾቹ 14ቱ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ። ትንሿ ኮሞሮስም ፈረንሳይ ያደጉ ልጆቿን ሰብስባ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫዋ ጋናን 3 ለ 2 አሸንፋለች። ጎረቤት ኬንያ በሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ከፈቀደች ቆይታለች።

የሚቃወሙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ጉዳዩ ከኳስ በላይ ነው ይላሉ፤ ዜግነት የመምረጥ፣ የመመረጥ፣ የጸጥታና የታማኝነት ጥያቄ ስለሆነ ለ23 ሰው ተብሎ አይከፈትም ባዮች ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ የሚጫወተው ልጅ ሜዳና አሰልጣኝ ሳያገኝ፣ በሌላ አገር ገንዘብ የሠለጠነ መጥቶ ቦታውን መውሰዱ ያንገበግባቸዋል። እነዚህኞቹ ያነሱት ቁም ነገር ነው። በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መስፈርት የሚያልፍ ስታዲየም ጠፍቶ፣ ዋልያዎቹ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበትን «የሜዳቸውን» ጨዋታ ያደረጉት ማላዊ ሄደው ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ያስተናገደችው ድሬዳዋም ለዚያ ጨዋታ የሩቅ ተመልካች ሆነች።

ሁለቱ ግን አይጣሉም። ሞሮኮ ፓሪስና አምስተርዳም ልጅ ስትፈልግ አገር ቤት ትልቅ አካዳሚ ገንብታለች። ስታዲየም መሥራት የዜግነት አዋጅን ከማሻሻል አያግድም፤ አዋጁን ማሻሻልም ስታዲየም አያስቀርም።

ታዲያ መልሱ ከማን ነው?

በየውድድሩ ዋዜማ አሰልጣኙ ላይ የሚወርደው ጥያቄ አድራሻውን የሳተ ነው። አሰልጣኝ ተጫዋች ሊያግባባ ይችላል፤ ፓስፖርት አይሰጥም። ፌዴሬሽኑ ሊሠራው የሚችለው የወረቀት ሥራ ነው፦ ልጆቹን 18 ሳይሞላቸው መዝግቦ ማወቅ፣ ለወጣት ቡድን መጥራት፣ የአንድ ዓመቷን የምርጫ ጊዜ ለቤተሰቦቻቸው ማስረዳት። ወረቀትን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል በ2005 ዓ.ም. ታይቷል፤ ብሔራዊ ቡድኑ ሁለት ቢጫ ያለበትን ተጫዋች ምንያህል ተሾመን ቦትስዋና ላይ በማሰለፉ ሜዳ ላይ ያሸነፈውን ጨዋታ 3 ለ 0 በፎርፌ ተነጥቋል።

ከዚያ በላይ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድርሻ ነው። ምክር ቤቱ ለሁሉም ጥምር ዜግነትን ሊፈቅድ፣ ወይም ለአገር ውክልና የተወሰነ የሕግ መንገድ ሊያበጅ፣ ወይም እንዳለ ይቆይ ሊል ይችላል። ሦስቱም የአገር ውሳኔ ናቸው። ሕጉን እንዳለ አስቀምጦ ልጆቹ ለምን አልመጡም እያሉ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም፤ ብዙዎቹ አገራቸውን ከመካዳቸው በፊት ሕጉ ከዜግነት መዝገቡ ሰርዟቸዋል።